እድራችን ከቀብር በፊት የት ነበር?

የዚህ ገጽ አንባቢያን እዚህ የለመዱት ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ፌዴራሊዝምና ስለ ምርጫ የሚደረግ ሙግት ነው። የዛሬው ጽሑፍ ስለ መጠጥ በመሆኑ «ሰውየው ፖለቲካውን ትቶ ስብከት ጀመረ» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔ ግን ነገሩን ከፖለቲካ ውጭ አላየውም። አንድ ማኅበረሰብ የወደቀ አባሉን የት ያስቀምጠዋል የሚለው ጥያቄ ፖለቲካ ካልሆነ፣ ፖለቲካ የሚባለው ምን እንደሆነ አላውቅም።

ነገሩ የተነሣው አምቦ ውስጥ በተተከለ የለቅሶ ድንኳን ሥር ነው። ሟቹ በሰፈራችን እጁ የተመሰከረለት አናጢ ነበር፤ የብዙዎቻችንን በርና መስኮት የሠራ ሰው። አረቄ ከለመደ አሥራ አምስት ዓመት ሳይሆነው አይቀርም። መጀመሪያ ሥራው ቀረ፤ ቀጥሎ ሚስቱ ልጆቿን ይዛ ወደ ወላጆቿ ሄደች፤ በመጨረሻ ሆዱ አብጦ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ አልጋ ላይ ዋለ። ሲሞት እድራችን ወጉን አላጓደለም። ጡሩምባ ተነፋ፤ ድንኳን ተተከለ፤ አግዳሚ ወንበሮቹ ከዕቃ ቤት ወጡ፤ ንፍሮ ተቀቀለ፤ ከቀብር የቀረ እንዲቀጣ ስም ተጠራ። ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳኑ ሰው አላጣም።

በሁለተኛው ቀን አጠገቤ የተቀመጠው ወዳጄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ይህ ሁሉ ሰው አምና የት ነበር?» አለኝ። ወዳጄ የሥራ ባልደረባዬ ነው። እሱም እንደሚጠጣ አውቃለሁ፤ ማወቄንም ያውቃል። ለጥያቄው መልስ አልነበረኝም። ሟቹን አምና በመንገድ ላይ ሳየው መንገድ አቋርጬ ወደ ማዶ የተሻገርኩት እኔው ራሴ ነበርኩና።

በሳምንቱ ወዳጄ ቤቴ መጣ። ቡና እስኪፈላ ዝም ብሎ ቆየና «ማቆም እፈልጋለሁ። ብቻዬን ሦስት ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። እንደ እኔ ያሉ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ቦታ ካለ አፈላልገኝ» አለኝ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ፍለጋ ውጤት ነው። የማወጣውም በእሱ ፈቃድ ነው።

ፍለጋው

በመጀመሪያ የሄድነው ወደ አንድ ጤና ተቋም ነው። የተቀበለችን ነርስ ትሑትና ሥራዋን የምታውቅ ነበረች። ወዳጄን ጠየቀችው፣ መረመረችው፤ ከዚያ የምትሠራበትን መመሪያ ገልጣ «ሕመምተኛውን በአካባቢው ካለ የመረዳጃ ቡድን ጋር ያገናኙ ይላል። እኛ ዘንድ ግን የማገናኝዎት ቡድን የለም» አለችው። ከዚያ ወደ ሃይማኖት አባቶች፣ ወደ አገር ሽማግሌዎች፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በጌዶና በሆለታ ወዳሉ የማውቃቸው መምህራን ደወልኩ። ሁሉም አዘኑ፤ ሁሉም መጠጥ ያጠፋውን አንድ የሚያውቁትን ሰው ጠቀሱልኝ፤ ስብሰባ ያለበትን ቦታ የጠቆመኝ ግን አልነበረም።

በመጨረሻ ያገኘነው ስብሰባ አዲስ አበባ ውስጥ፣ በእንግሊዝኛ የሚካሄድ ነበር። ወዳጄ አራት ቅዳሜ ከአምቦ ተነሥቶ፣ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ አስኮ ወርዶ፣ ከዚያም ታክሲ ይዞ ሄደ። በደግነት እንደተቀበሉት ይናገራል። በአምስተኛው ቅዳሜ ግን ቀረ። ምክንያቱን ስጠይቀው «ሃያ ዓመት በእንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ፤ በእንግሊዝኛ ማፈር ግን አልቻልኩም» አለኝ። አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው። ስለ እናቱ፣ ስለ ልጁ፣ ደመወዙን አጥፍቶ ቤቱ ስለገባበት ሌሊት በተውሶ ቋንቋ መናገር ከበደው። የመንገዱ ወጪና ድካም ሲጨመርበት ደግሞ ተወው። ያን ዕለት ማታ ጠጣ።

ስብሰባው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው «ጠጪዎች ተሰብስበው ምን ያደርጋሉ?» ብሎ ሊስቅ ይችላል። ስለዚህ ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት አክረን በምትባል ከተማ ሁለት ሰዎች ተገናኙ። አንደኛው ቢል ዊልሰን የሚባል የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሰው ነው፤ መጠጥ ካቆመ ጥቂት ወራት ሆኖታል፤ ለሥራ የመጣበት ጉዳይ ከሽፎበት ወደ መጠጡ ሊመለስ ጫፍ ላይ ደርሷል። ሁለተኛው ቦብ ስሚዝ የሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው፤ ሌሎችን ያድናል፤ ራሱን ግን ከጠርሙሱ ማዳን አቅቶታል። ዊልሰን የፈለገው የሚመክረው ሰው አልነበረም። የራሱን ስካር ሊነግረው የሚችል ሌላ ጠጪ ነበር የፈለገው። ሁለቱ ለሰዓታት ተነጋገሩ። ሐኪሙ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የመጨረሻውን መጠጥ ጠጣ፤ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ ማለትም ስማቸውን የማይገልጡ የመጠጥ ሱሰኞች ማኅበር፣ ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያች ቀን ነው።

የማኅበሩ ሥርዓት ቀላል ነው። አባል ለመሆን የሚያስፈልገው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። መዋጮ አይጠየቅም። ሰዎቹ በክብ ይቀመጣሉ፤ የፈለገ በመጀመሪያ ስሙ ብቻ ራሱን አስተዋውቆ የደረሰበትን ይናገራል፤ ሌሎቹ ሳያቋርጡ፣ ሳይመክሩ፣ ሳይፈርዱ ይሰማሉ። የተነገረው እዚያው ይቀራል። ማኅበሩ በአደባባይ ክርክሮች ላይ አቋም አይወስድም፤ የማንም ፓርቲ ወይም የማንም ሃይማኖት ክንፍ አይደለም።

ይህ ሁሉ የደግ ሰዎች ወግ ብቻ ነው የሚል ካለ ማስረጃው አለ። የሕክምና ጥናቶችን በመመርመር የታወቀው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ግምገማ 27 ጥናቶችን፣ በጠቅላላው 10,565 ተሳታፊዎችን፣ አገናዝቧል። ሙሉ በሙሉ ከመጠጥ ርቆ በመቆየት ረገድ፣ ሰውን ወደዚህ ዓይነቱ ማኅበር የሚያስገባው የተደራጀ እገዛ ከሌሎች የታወቁ የሥነ ልቦና ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት ማሳየቱን ደምድሟል። እኛ ግን የዚህን ፍሬ ነገር ለመረዳት ከአክረን መነሣት አያስፈልገንም። «ሰው ለሰው መድኃኒቱ» የሚለው የእኛው ብሂል ነው።

አንድ ሌላ የራሳችንን ምስክር ልጨምር። በየከተማችን ዐቢይ ጾም ሲገባ መጠጥ የሚያቆሙ፣ ለ55 ቀን ሳይቀምሱ ቆይተው የፋሲካ ዕለት የሚመለሱ ጠጪዎች አሉ። ሰዎች ይህን እያዩ «ቢፈልግ ኖሮ ይችላል» ይላሉ። እኔ የማነበው ሌላ ነገር ነው። ያ ሰው በሁዳዴ የቻለው ብቻውን ስላልሆነ ነው። ጎረቤቱ ጾሟል፣ ባለቤቱ ጾማለች፣ መሸታ ቤቱም ጭር ብሏል፤ «ጠጣ» የሚለው ሰው የለም። ፋሲካ ሲመጣ ፈቃዱ አልጠፋም፤ የጠፋው አብሮት የሚቆመው ሰው ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም። ለዓመታት በየቀኑ በብዛት የጠጣ ሰው በድንገት ብቻውን እንዲያቆም መገፋፋት አደገኛ ነው። መጠጡ ከቆመ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብና ጭንቀት ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊከተል ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ አንዳንዱ ሰው ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል፤ ካልታከመም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት የሐኪም ነው። ዲያዜፓምና ቫይታሚን ቢ1ን የመሳሰሉ ርካሽ መድኃኒቶች በዚያ ሳምንት ሕይወት ያተርፋሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜ ግን ሐኪም ብቻውን የሚሸከመው አይደለም፤ ወንበርና ሰው የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

መንግሥት የሠራውና ያልሠራው

ለፍርድ እንዲመች መንግሥት የሠራውን አስቀድሜ ልናገር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅን ከልክሏል፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። ጥሩ ሕግ ነው፤ በአፈጻጸሙ ላይ የምንከራከረው እንዳለ ሆኖ። በአዲስ አበባም አማኑኤልንና ቅዱስ ጳውሎስን የመሳሰሉ ሆስፒታሎች ለሱስ ሕክምና ይሰጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያስጀመረውን፣ የአእምሮ ጤና አገልግሎትን ልዩ ሐኪም ወደሌለባቸው ጤና ጣቢያዎች የማውረድ መርሐ ግብር አገራችን ቀድመው ከሞከሩት አንዷ ናት። የመጠጥ ሱስም በመርሐ ግብሩ ውስጥ ተካትቷል። ነርሷ ያነበበችልን መመሪያ ከባዶ ሜዳ አልመጣም።

አሁን ደግሞ ወደ ሚዛኑ ሌላኛው ወገን እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ2011 መንግሥት የበደሌንና የሐረርን ቢራ ፋብሪካዎች ለሄኒከን በ163 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሸጠ። በ2012 መጀመሪያ ሜታ አቦን ለዲያጆ በ225 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የቢራ ፋብሪካ እንደ እንጉዳይ ፈላ፤ ከእያንዳንዱ ጠርሙስ ኤክሳይዝ ታክስ ይሰበሰባል። በመሸጡ አልከስም። የምከስበት ነገር ሌላ ነው፦ ከዚያ ሁሉ ገንዘብ ውስጥ በአንድ የወረዳ ከተማ አንዲት ክፍል፣ አሥር ወንበርና አንድ የሠለጠነ ሰው የሚያስገኝ ሽርፍራፊ አለመታሰቡ ነው። አዋጁ ገና ያልጠጣውን ልጅ ይጠብቃል፤ ሆስፒታሉ የታመመውን ለሳምንታት ያስተኛል። ከሆስፒታል ወጥቶ ማክሰኞ ማታ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ከሥራ ሲመለስ በመሸታ ቤት በር ላይ የሚያልፈውን ሰው የሚጠብቅ ግን ማንም የለም።

ለምን እኛ ዘንድ የለም?

ምክንያቱ የገንዘብ እጥረት ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። እኔ የታዩኝ ሦስት ናቸው።

አንደኛው እፍረት ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን። በትንሽ ከተማ ግን በሽታውን የገለጠም መድኃኒት አያገኝም፤ የሚያገኘው ቅጽል ስም ነው። አምቦ ውስጥ የማን በር እንዳንኳኳህ ሳይመሽ ይሰማል። ለሴት ጠጪ ደግሞ እፍረቱ እጥፍ ነው፤ ወንዱ በአደባባይ ይንገዳገዳል፣ እሷ በጓዳ ትሸሸጋለች።

ሁለተኛው መጠጡ ከኑሯችን ጋር የተጋመደ መሆኑ ነው። ፋርሶና ጠላ የሌለበት ሠርግ፣ ደቦና ተዝካር ስንቱ ነው? አረቄ የምታወጣውም እናት ብዙ ጊዜ ሌላ መተዳደሪያ የሌላት፣ በዚያች ጠርሙስ ልጆቿን የምታስተምር ናት። እሷን ጠላት ያደረገ ዘመቻ ግፍ ይሆናል፤ ደግሞም አይሳካም። እኔ የምለው ለማቆም ለፈለገው ሰው መሄጃ እናብጅለት እንጂ መሸታ ቤቱ ይዘጋ አይደለም።

ሦስተኛው ይህ ገጽ ሊያልፈው የማይችለው ምክንያት ነው። እኛ ዘንድ መሰብሰብ ራሱ ያስጠረጥራል። አምቦ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ልጆቿን ለተቃውሞ አውጥታ ቀብራለች፤ ጊንጪ በኅዳር 2008 ዓ.ም. የተቃውሞው መነሻ ሆናለች፤ ሃጫሉ ሁንዴሳ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ተገድሎ የተቀበረው እዚሁ ነው። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጆች ሥር የኖረ ሰው በሩን ዘግቶ፣ ስሙን ሳይናገር፣ ቃለ ጉባኤ ሳይዝ የሚሰበሰብ ቡድን ሲያይ ምን ያስባል? የቀበሌው ሹም ምን ያስባል? አንድ የማከብራቸው አዛውንት ሐሳቤን ሰምተው «ልጄ፣ ስም የሌለው ስብሰባ በዚህ አገር ስም ይወጣለታል» አሉኝ። ቀልድ አልነበረም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 የመሰብሰብን፣ በአንቀጽ 31 የመደራጀትን መብት ጽፏል። በወረቀት ላይ ያለው መብት በተግባር ሲሸሽ የሚጎዳው ፖለቲከኛው ብቻ አይደለም፤ ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚሻው አናጢም አብሮ ይጎዳል። የመብት ጥያቄ የሊቃውንት ቅንጦት ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ልብ ይበሉ።

«ጸበል አለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ መስጊድ አለ» የሚለኝ እንዳለም አውቃለሁ። አከብራለሁ። በእምነቱ የተላቀቀ ሰው አውቃለሁ፤ በምዕራብ ሸዋ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ቤት ከመጠጥ እንዳወጡም የታወቀ ነው። ነገር ግን ቤተ እምነቱ የራሱን ምእመን ነው የሚያገኘው። በእምነቱ የላላው፣ ከካህኑ ፊት ለመቆም ያፈረው፣ ተፈውሻለሁ ብሎ ከመሰከረ በኋላ ዳግም የወደቀው የት ይሂድ?

መልሱ ያለው እድራችን ጓዳ ነው

ወደ ድንኳኑ ልመልሳችሁ። እድር በየሰፈራችን አለ። ዘርና ሃይማኖት ሳይለይ ጎረቤትን ያቅፋል። ቤት አለው፤ አግዳሚ ወንበር፣ ድስትና ብርጭቆ አለው። ሕግም አይከለክለውም፤ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርንና እቁብን የመሰሉ ባህላዊ ማኅበራትን ከምዝገባው ግዴታ ውጭ አድርጓቸዋል። ከሁሉም በላይ ማንም አይጠረጥረውም። እንግዲህ ያ ቤት ለቅሶ በሌለ ጊዜ ተቆልፎ ይከርማል። ወንበሮቹ አንዱ በሌላው ላይ ተደርድረው የሚቀጥለውን ሟች ይጠብቃሉ።

ሐሳቤ ይህ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ከሥራ መውጫ በኋላ፣ ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት፣ የእድሩ ቤት ይከፈት። ሁለት ሰው ቢመጣም ይበቃል፤ በአክረንም ሁለት ነበሩ። የሚነገረው በኦሮምኛም በአማርኛም፣ ሰው ልቡ በሚፈታበት ቋንቋ ይሁን። ሴቶች ከፈለጉ የራሳቸው ቀን ይኑራቸው። ጠጥቶ የመጣ ቢኖር አይባረር፤ ቁጭ ብሎ ይስማ፣ ተራው የሚደርሰው ግን ሳይጠጣ በመጣ ቀን ይሁን። ከአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ጋር መተዋወቅ ይኑር፤ የመጀመሪያው ሳምንት የሐኪም ነው ብያለሁና።

አንድ ነገር ግን ከእድር ልማድ መለየት አለበት። እድር ያለ መዝገብ አይኖርም፤ ይህ ስብሰባ ደግሞ ከመዝገብ ጋር አይኖርም። ስም አይጠራ፣ የቀረ አይቀጣ። እንደ ዘመኑ ዐውደ ጥናትም አበል አይከፈልበት፣ ባነር አይሰቀልበት፣ ፎቶግራፍ አይነሣበት።

«በሰፈሬ ሰው ፊት እንዴት እቀመጣለሁ?» ለሚለው ደግሞ መንገዳችን ራሱ መፍትሔ ይሰጣል። ጉደር ከአምቦ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። የአምቦው ሰው ወደ ጉደር፣ የጉደሩ ወደ አምቦ፣ የጌዶና የጊንጪውም እንደዚሁ ወደማይታወቅበት ከተማ ሊሄድ ይችላል። እነዚህ ሁለት ጎረቤት ከተሞች የሚገርም ዕጣ ደርሷቸዋል፦ የጉደር ስም በቀይ ወይን ጠርሙስ ላይ ታትሟል፤ የአምቦ ስም በማዕድን ውሃ ጠርሙስ ላይ። በኢትዮጵያ በየትኛውም ምግብ ቤት መጠጥ እንቢ ያለ ሰው ለአስተናጋጁ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ቃል የዚችን ከተማ ስም ነው። ከተማይቱ ራሷ እንቢ ለማለት ለሚታገለው ሰው አንዲት ክፍል መንፈግ አይገባትም።

ወዳጄ ዛሬ ካቆመ አምስት ወር ሆኖታል። በመካከል አንድ ሌሊት ወድቆ ቆጠራውን ከአንድ ጀምሯል፤ አምስቱ ወር ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። አሁን ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር በአንድ ሰው ሳሎን ማክሰኞ ማክሰኞ ይገናኛሉ። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ የቤቱ ልጆችም ውጭ እየቆዩ መሽቶባቸዋል።

በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ እሑድ የእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ አለ። አጀንዳ አስይዣለሁ። የምጠይቀው በጀት አይደለም፤ ማክሰኞ ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ አንድ ሰዓት የዕቃ ቤቱ ቁልፍና አሥር ወንበር ነው። አንዳንዶቹ እንደሚስቁ፣ «የሰካራም እድር» እንደሚሉ ነግረውኛል። ይበሉ። እኔም በተራዬ በሰፈራችን በር ሁሉ ላይ የእጁ ሥራ ያለውን የዚያን አናጢ ስም ጠርቼ፣ በድንኳኑ ሥር የተጠየቅሁትን እጠይቃቸዋለሁ፦ ይህ ሁሉ ሰው አምና የት ነበር?

እናንተስ አንባቢያን፣ የእድራችሁ ቤት ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ቸር ያሰማን።